የአባባ ማሳ

«ማሳው ተበልቷል እኮ! ማሳ ሳይኖር ሌላው ምን ያደርግልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ደህና ነው ብዬ።»

«ይኸው ነዋ! ላይ ላዩን ታያለህ፤ ከሥር የተበላውን ማን ያይልሃል?»

ለምኔ ይህን የሰማችው ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሰዎች ይነጋገሩ ነበር። አንደኛው ድምፅ የአያቷ ነው። የሌላውን አታውቀውም፤ የትኛው ምን እንዳለም አልለየችም። የቀረውን ንግግር እንቅልፍ ነጠቃትና ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ ተረፋት፤ አባባ ማሳ ነበራቸው፤ ማሳው ተበላ።

ማን በላው? እንዲህ ያለውን ነገር ሳትጠይቅ የምታልፍ ልጅ አልነበረችም። ቤተሰቡ ያወጣላትን ስም ትቶ «ለምኔ» የሚላት «ለምን» ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። ይህን ግን ጠይቃ አታውቅም። የሽማግሌ ቁስል መነካካት መሰላት። ስለዚህ ማሳውን በሐሳቧ ራሷ ሠራችው፤ ጫፉ የማይታይ አረንጓዴ ሜዳ፣ ዳር ዳሩን ወንዝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለች «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ፣ አያቷ ማሳቸውን በጎርፍ ያጡበትን ቀን እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብላ ጻፈችው። መምህሯ አንብባ ስትጨርስ መሐረብ አወጣች። «አያትሽን ሰላም በይልኝ፤ በርቱ በያቸው» አለቻት። ለምኔ ሰላምታውን አድርሳለች። ምክንያቱን ግን ለራሷ አስቀረችው።

አሁን አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ረፋድ። አባባ ግቢ ውስጥ መኪናቸው መሪ ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ያዞራሉ፤ መኪናው ጭጭ ብሏል።

«አልነሳም አለ?» አለች ለምኔ ከደረጃው ላይ።

«አልነሳም ቢል ጥሩ ነበር። ይኼ ጭራሽ መልስም አይሰጥ። አኩርፏል።»

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ዛሬም «አሰልጣኙ» ነው የሚላቸው። መኪናዋም ያቺው የማስተማሪያዋ ናት። በሯ ላይ «ለማጅ» የሚለው ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ ይታያል። ዛሬ ዛሬ ሥራዋ አንድ ነው። በየቅዳሜው የአባባን ታላቅ እህት ከቤታቸው ወስዳ፣ ሐይቁ ዳር አድርሳ፣ ሁለቱ አረጋውያን መስኮት ከፍተው ውኃ ሲያዩ ውለው ትመልሳቸዋለች። እትዬ እግራቸው ከደከመ ወዲህ ከቤት የሚወጡት በዚህች ቀን ብቻ ነው።

የአባባ ስልክ ጮኸ። እትዬ ጆሯቸው ስለከበደ ሲያወሩ ይጮሃሉ፤ ግቢው በሙሉ ይሰማል።

«አንተ ትንሹ! ኮቴን ለብሼ በር ላይ ተቀምጫለሁ። እዚሁ ቁጭ ብዬ ላርጅልህ?»

«ካረጀሽማ ቆየሽ፣ እትዬ። መጣሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

«ኮቴን አላወልቅም!» ብለው ዘጉት።

አባባ ከመኪናው ወረዱ። «ነይ እስቲ ለምኔ። እንጠይቀው።»

«ማንን?»

«መኪናውን ነዋ። መኪና አይዋሽም። በደንብ ከጠየቅሽው በደንብ ይመልስልሻል። እሺ፣ ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

«ለምን አልነሳም አልክ?»

«እንዲያ ከተባለማ ይብስበታል! ቀላል ቀላሉን ነው። በይ ክላክሱን ተጫኚው።»

ተጫነችው። ድምፅ የለም። መብራቱን ሞከረችው። እሱም የለም።

«በቃ፣ ነዳጅ አይደለም ማለት ነው» አሉ አባባ ጣታቸውን እያጠፉ። «ነዳጅ ቢያልቅ ክላክስ ምን አገባው? ሞተሪኖውም አይደለም። እሱ ሞተሩን የሚቀሰቅስ ነው፤ እሱ ቢታመም መብራቱ ደህና ይሆን ነበር። ሁሉም አንዴ ዝም ካሉ ጠቡ ከማን ጋር ነው?»

«ከባትሪው?»

«ወይም ከባትሪው መንገድ። ጎበዝ!»

በዚህ መሐል ለምኔ አንድ ነገር ልብ አለች። ከፊት ለፊቱ ክፍል ሲመጣ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆሟል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አባባ ሁልጊዜ «በዚህ ቤት ሁለት መኪና አለ፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ያኖረናል» እያሉ ይቀልዳሉ። የሚያኖራቸው መኪና እንዲህ በሥራ ሰዓት ዝም አይልም። ለምኔ ወደ መስኮቱ ዞር ስትል መጋረጃው ተነቃነቀ፤ ወዲያው ደግሞ ስፌቱ ቀጠለ።

አባባ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ባትሪው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ነቀነቁ። ሁለቱም ጥብቅ ናቸው። ከዚያ ከመሣሪያ ሳጥናቸው ሁለት ሽቦ የተበየደባት ትንሽ አምፑል አወጡ።

«ይቺ መጠየቂያዬ ናት። አንዱን ጫፍ ቀዩ ላይ፣ ሌላውን ጥቁሩ ላይ አድርጊ።»

ለምኔ እንደተባለችው አደረገች። አምፑሏ ቦግ አለች።

«እህ? በራች?» አሉ አባባ።

«ኧረ በናትህ አባባ፣ ሙድ ልትይዝብኝ ነው? አፍንጫህ ሥር እኮ ናት!»

«ፀሐዩ ነው፤ አላሳይ አለኝ» አሉና ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ አሹ።

ለምኔ ቀና አለች። የቆሙት ጥላ ውስጥ ነበር።

«ከበራች ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ተመስገን» አሉ። «አሁን ቀዩን እንዳለ ተዪውና ሌላውን ጫፍ ከባትሪው አንስተሽ መኪናው ብረት ላይ አሳርፊው። ቀለም የሌለበት ቦታ ይሁን።»

አሳረፈች። «አልበራችም።»

«አገኘነው!» አባባ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማሳው ነው!»

የለምኔ እጅ ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። «የቱ ማሳ?»

«ማሳዋ! የባትሪው ጥቁር ገመድ ወርዶ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር የለ? እሱን ማሳ ነው የምንለው። ጉልበት ከባትሪው ይወጣል፤ መመለሻ ግን ይፈልጋል። መመለሻው እሱ ነው። ወይ ዝገት በልቶታል፣ ወይ ላልቷል... ምነው? ምን ሆነሻል አንቺ?»

ለምኔ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ሳቅም ልቅሶም የሚመስል ነገር ከጣቶቿ መሐል አመለጣት። «አባባ፣ አንተ ማሳ ነበረህ? የእህል ማሳ?»

«እኔ? እኔ በዕድሜዬ አንዲት ጎመን ተክዬ አላውቅም!»

እንግዲህ መናገር የግድ ሆነ። የመስኮቱን ሥር ወሬ፣ አረንጓዴውን ሜዳ፣ ድርሰቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። አባባ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን የመኪናውን ጎን ተደግፈው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ያ እኮ የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው! የሱን መኪና ሳይለት! ቆይ... ለዚህ ነው ያቺ መምህርሽ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ጨብጣ የምትተክዘው?»

«ጎርፍ ነው የወሰደብህ ብያታለሁ።»

«ጎርፍ! እኔ ደግሞ ሴትየዋ የሆነ ሐዘን አለባት እያልኩ ሳጽናናት!»

እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ አባባ እንባቸውን ጠርገው «በይ አሁን ማሳዬን እዪልኝ» አሉ። «ገመዱን ተከትለሽ ወደ ታች ውረጂ። የሚታሰርበት ቡሎን አለ። የኔ ዓይን እዚያ አይደርስም።»

ለምኔ የስልኳን መብራት አብርታ አጎነበሰች። ጥቁሩ ገመድ ከባትሪው ወርዶ ከሞተሩ ጎን ወደ ጠባቡ ቦታ ይገባል። ጫፉ ግን ብረቱን አልነካም። ዝገትም አልበላው፣ በመንቀጥቀጥም አልላላ። ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሰማያዊ ገበር ነው፤ ትናንት ማታ እናቷ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ስትቆርጠው ያየችው። ጨርቁ እንዳይፈታ ዙሪያው በመርፌ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ እኩል እኩል፣ ለቀሚስ እንደሚሰፋው ሁሉ የተዋበ። በጣቷ ስትዳብሰው ውስጡ አንድ ጠንካራ ነገር አለ። ቡሎኑ ነው። እንዳይጠፋ አብሮ ተሰፍቷል።

የዓለም ሌባ ሁሉ ቢሰበሰብ እንዲህ አድርጎ የሚያበላሽ አይገኝም። በዚህ ቤት ሽቦ እንኳ ሲፈታ ገበር የሚያለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

የስፌቱ ድምፅ እንደገና ቆሟል።

«ምን ታያለሽ?» አሉ አባባ ከላይ ሆነው።

እማዬ ለምን? እውነቱን ብትናገር እናቷን ማጋለጥ ነው። ብትደብቅ ደግሞ ሲጠይቋት የሚዋሸው መኪናው ሳይሆን እሷ ልትሆን ነው።

«ቡሎኑ... ወልቋል» አለች። ይህ እውነት ነው። ግማሽ እውነት። ስፌቱን በጥፍሯ ተረተረችው፤ ገበሩን ጨምድዳ ኪሷ ከተተችና ቡሎኑን አውጥታ አሰረችው። አባባ ያቀበሏትን የቡሎን መፍቻ ይዛ እስኪበቃው አጠበቀችው።

አባባ መሪው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ገና ከመነካቱ ተነሳ።

«አይ ለምኔ! እጅሽ ይባረክ! ግቢ፤ እትዬን ይዘን አብረን እንሂድ።»

ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች። በተቀመጠችበት ወንበር እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለ፤ ተማሪ ሲደናገጥ አሰልጣኙ የሚረግጠው። ለምኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እሱን እንዳትነኪ» ስትባል ነው ያደገችው። የግቢው በር ክፍት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና ቆሟል። አባባ እያንጎራጎሩ መስተዋቱን አስተካከሉ።

ለምኔ ስለ አምፑሏ አሰበች። ስለ ጥላው አሰበች። ኪሷ ውስጥ ያለውን ገበር ጨበጠችው።

«አባባ፣ ማዶ የቆመው መኪና የማን ነው?»

«የጥርስ ሐኪሙ ነዋ። ያ ሰማያዊው። ሁልጊዜ እዚያ አይደል የሚያቆመው?»

ማዶ የቆመው መኪና ነጭ ነበር። ዕቃ መጫኛ፣ ትልቅ፣ ነጭ።

አባባ ማርሽ አስገቡ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ በሩ ተንፏቀቀች። የለምኔ እግር ሳታዘው ሄዶ ፍሬኑን ረገጠ።

መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

አባባ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመን ያንን ፍሬን ከሳቸው በቀር የረገጠ ሰው የለም። «ማነው የረገጠው?» አሉ፤ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ነጭ ነው፣ አባባ። ማዶ ያለው መኪና ነጭ ነው።» ከዚያም ገበሩን ከኪሷ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «ማሳውም ብቻውን አልወለቀም።»

አባባ ጨርቁን አላዩትም፤ ዳሰሱት። ጣቶቻቸው ጠርዙን ተከትለው ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ለምኔ ቁጣ ስትጠብቅ በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቅ ወጣ።

«ያንን ቦታ ያሳየኋት እኔ ነኝ» አሉ። «እንዳንቺ ሆና መብራት የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ላይኛውን ብትፈታው ወዲያው እንደማገኘው አውቃለች፤ ተንኮለኛ!» ወዲያው ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ጥሪያት።»

መጥራት አላስፈለገም። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ለምኔ የልጅ ልጅ ስለሆነች አያቷን «አንተ» ማለት ተፈቅዶላታል። እናቷ ግን አባቷን ከ«እርስዎ» ሌላ ስትላቸው ሰምታ አታውቅም።

«ገመዴን ከመፍታት አፍሽን ብትፈቺ አይሻልም ነበር?» አሉ አባባ።

«ምን ብዬ ልንገርዎት? ግማሹን ከተማ መንዳት ያስተማረን ሰው፣ ‹አይንዱ› ብዬ? ሐሙስ ዕለት በመስኮት እያየሁዎት ነበር። አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ መንገዱ ላይ ወጣ። እርስዎ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «አላየኸውም! አባዬ፣ አላየኸውም! እሱ ወደ ኋላ ባይዘል ኖሮ... አንተ እያንጎራጎርክ ነው ግቢ የገባኸው!»

«አንተ» የሚለው ቃል ግቢው መሐል ወድቆ ማንም አላነሳውም።

«የቱ ልጅ?» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ሐሙስ መንገዱ ባዶ ነበር።»

«ቀይ ሹራብ ነው የለበሰው። ቀይ፣ አባዬ።»

አባባ ከመኪናው ወረዱ። ማዶ ወደ ቆመው መኪና ብዙ ተመለከቱ፤ ዓይናቸውን አጨናበሱ፤ አንገታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ፈጣሪዬ፣ ያንን ልጅ ስለጠበቅህልኝ ተመስገን» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ለምኔ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ትንሹ! ኮቴ እኮ አላበኝ!»

«እትዬ፣ ዛሬ በታክሲ ነው የምመጣልሽ።»

«ምነው? መኪናዋ ሞተች?»

«አልሞተችም።» አባባ ልጃቸውን አዩ። «ሹፌር ልቀይር ነው።»

«ጥሩ! አንተ ድሮም ትፈጥናለህ» ብለው ዘጉት።

«አዲሱ ሹፌር ማነው?» አለች ለምኔ ፈጥና። «እኔ?»

«አንቺማ ገና እግርሽ ፍሬን ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉና ቁልፉን ለልጃቸው ዘረጉላት።

እናቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እኔ አልነዳም። ያውቃሉ።»

«አስተምርሻለሁ።»

«አንዴ አስተምረውኝ ነበር እኮ። አደባባዩ መሐል ሞተር ጠፋብኝና ሰው ሁሉ እስኪያይ ጮሁብኝ። ወርጄ በእግሬ ገባሁ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ሌላው ተማሪ መኪናውን ግንብ ላይ ሲወጣበት እንኳ ‹አይዞህ› ነበር የሚሉት።»

«እሱማ የሰው ልጅ ነው» አሉ አባባ። መሬት መሬት ያያሉ። «የሰው ልጅ ሲሳሳት ፍሬን እረግጥ ነበር። ያንቺ ጊዜ ደነገጥኩ። እግሬ ጠፋኝና አፌ ቀደመ።»

እናቷ የመለኪያ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ፈታችው። ለምኔ ሁለቱንም ተራ በተራ ታያለች። ልትጠይቅ የምትችለው ነፍ ጥያቄ ነበራት። አንዱንም አልጠየቀችም።

«የዓይን ሐኪም ጋ ይሄዳሉ?» አለች እናቷ።

«ሰኞ። ለምኔ ትወስደኛለች።»

«አይጮሁብኝም?»

«ጉሮሮዬም አርጅቷል።»

«ከጮሁ ወርጄ ነው የምሄደው። ካሁኑ ይወቁት።»

«እኔም ወርጄ እከተልሻለሁ» አሉ አባባ።

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ለለምኔ ሰጠቻት። ሄዳ መሪው ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አባባ ዞረው ከጎኗ ገቡ።

«እሺ» አለች ወደ ፊት ብቻ እያየች። «ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ።»

«እስከ በሩ ድረስ ብቻ» አሉ አባባ በሹክሹክታ።

ለምኔ ሮጣ ሄደችና ቀድሞ የተከፈተውን በር ግንቡን እስኪነካ ድረስ የበለጠ ገፋችው።